የክሎራይድ ልጆች

ባለፈው ሰሞን የተነቀለ የበር ማጠፊያ ይዤ ብየዳ ቤት ሄጄ ነበር። በያጁ በርሜሉ ውስጥ ካርባይድ ጨምሮ ውሃ ሲለቅበት ያ የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ግቢውን ሞላው። «እትዬ፣ ሽታው ከረበሸዎት ወጣ ብለው ይጠብቁ» አለኝ። የረበሸኝ «እትዬ» ማለቱ ነው እንጂ ሽታውስ ግድ የለም። ቆሜ ሳብኩት። ሰው ከሽቶ ቤት የሚያገኘውን እኔ ከጋራዥ ነው የማገኘው፤ አሥራ አራተኛ ዓመቴ የሚሸተው እንደዚያ ነው።

የዘጠነኛ ክፍልን ዓመት የኖርኩት ሎጊያ ነው፤ ከጅቡቲ መንገድ ዳር፣ የእማማ ሃሊማ የኪራይ ክፍሎች ካሉበት ግቢ። ከዚያ በፊት አዋሽ ነበርኩ፣ ከእናቴ ጋር። አባቴ ደምሴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ከእናቴ ጋር ሲለያዩ ሽማግሌዎች ተቀመጡና፣ እሷ ሥራ የያዘችበት ሆቴል ጓሮ ያለው ክፍል ለሴት ልጅ አይሆንም ብለው ወሰኑ። «ዓመቱን ከአባቷ ጋር ትቆይ፣ ትማር» ተባለ። ከአባቷ ጋር ያሉት ከአባቷ ባዶ አልጋ ጋር ማለታቸው ነበር መሰለኝ። አባዬ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አንድ ሌሊት፣ ሲመለስ አንድ ሌሊት ያድራል፤ በመሃሉ ያለው ጊዜ ሁሉ የእኔና የባዶ አልጋው ነበር።

«ትምህርት ሲዘጋ እኔው ራሴ አዋሽ አደርስሻለሁ» ብሎኝ ነበር ያመጣኝ ቀን። «ብቻሽን መኪና ብትሳፈሪ ግን ልጄ አይደለሽም።» ሁለቱንም አመንኩት። ዓመቱን ሙሉ ደግፋ ያቆመችኝ ያቺ የመጀመሪያዋ ቃል ናት። እናቴም ስትደውል የምትለው ያንኑ ነው፤ «አባትሽ ያመጣሻል፣ ትንሽ ቻይ።» ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። አንዳንዴ የተቆረጠ ታስመስል እንደነበር አውቃለሁ፤ ማልቀሷን እንዳልሰማ።

የክፍላችን የጀርባ ግድግዳ ከጋራዥ ጋር አንድ ነው። መዶሻው፣ ጎማ ሲነፋ የሚወጣው ጩኸት፣ የካርባይዱ ሽታ በቆርቆሮው ስንጥቅ ይገባል። ሙቀቱን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ራሱ ለሻይ የተጣደ ይመስል ነበር። ጠዋት በባጃጅ ሰመራ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ የአፋር ልጆች እርስ በርሳቸው በአፋርኛ ይጫወታሉ፤ ክፉ አልነበሩም፣ ሳልፍ ፈገግ ብለው ቦታ ይለቁልኛል። የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ደግሞ ከሰፈራቸው ጀምሮ ስለሚተዋወቁ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይስቃሉ። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። አንድ ቀን ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ «የጋራዥ ሽታ ሸተተኝ» ብላ መስኮት ከፈተች። ለእኔ ብላ ላይሆን ይችላል። እኔ ግን በማግስቱ የመጨረሻውን ወንበር ያዝኩ፤ ማንም ሳያባርረኝ ራሴን አባረርኩ ማለት ነው።

የቀኑ ደህና ክፍል ማታ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ሃሊማ በሯ ላይ ምንጣፍ ታነጥፋለች። ቀጭን፣ ረጅም የአፋር ሴት ነች፤ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። «እርስዎ» ስላት ዘወር ብላ «ከኋላዬ ማን አለ?» ትል ስለነበር አንቺ ማለት ለመድኩ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል። ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ቁጭ ተብሎ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባላል፤ ተጠያቂው ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። እማማ ሃሊማ ይሄን ከእኔ ጋር፣ እንደ ትልቅ ሰው ቆጥራኝ፣ በየማታው ታደርገው ነበር።

«ከየት መጣሽ?»

«ከሰመራ።»

«ሰመራ ምን አየሽ?»

ፍየል የልጅ ደብተር ስትበላ ማየቴን፣ የውሃ ቦቴ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሰው በጀሪካን መሰለፉን እነግራታለሁ። እንደ ዝናብ ወሬ አክብራ ታዳምጠኛለች። ከዚያ «አንቺስ ምን ሰማሽ?» የማለት ተራው የእኔ ነው። የት ሣር እንደበቀለ፣ ማን እንዳገባ ትነግረኝና መጨረሻ ላይ የምጠብቀው ይመጣል። «የአባትሽን መኪና ሚሌ አይተዋታል። ነገ እዚህ ነው፣ ኢንሻአላህ።» ስልክ የማያነሳውን አባቴን እሷ በሾፌርና በግመል ጠባቂ ወሬ ከኬላ ኬላ ትከታተለው ነበር። ተሳስታ አታውቅም።

የኬሚስትሪ መምህራችን ቲቸር ይልቃል ከደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ላቡ አላስቆም ስላለው ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ያስተምራል። የኮምፓውንድ አሰያየም የጀመርን ቀን ሰሌዳው ላይ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ብሎ ደረደረና «ከእነዚህ ስሞች ምን ትረዳላችሁ?» አለ።

ሁመድ የሚባል የአፋር ልጅ ተነሳ። «ወንድማማቾች ናቸው።»

«እንዴት?»

«የአባታቸው ስም አንድ ነው። ክሎራይድ።»

ቲቸር ሊስቅ ሲል ክፍሉን አየ፤ የሚስቅ አልነበረም። ሁላችንም የገባን እንደዚያ ነበር። ሶዲየም የልጁ፣ ክሎራይድ የአባቱ፤ እኛ አገር ሁለት ስም ከተደረደረ ሌላ ምን ይሆናል? ቲቸር ፊቱን በፎጣው ጠረገ። «አይደለም። ክሎራይድ አባት አይደለም። ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ኤሌክትሮን ሰጥቷል፣ አንዱ ተቀብሏል። ስሙ የሚነግርህ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ነው፤ ማን ማንን እንደወለደ አይደለም።» ሁመድ አልተዋጠለትም። «ታዲያ አባቱ ማነው?» እያለ ነው የተቀመጠው።

ከዚያ ኦክሲዴሽን ነምበር መጣ፤ እያንዳንዱ ሲጣመር ስንት ኤሌክትሮን እንደሰጠ ወይ እንደወሰደ የሚናገር ቁጥር። ብዙው ልጅ እዚያ ላይ ተሸነፈ፤ እኔ እዚያ ላይ ነቃሁ። ሕጉ ግልጽ ነው። ከማንም ጋር ያልተጣመረ ኤለመንት ቁጥሩ ዜሮ ነው። ኦክስጅን ሲጣመር አብዛኛውን ጊዜ ማይነስ ሁለት፣ ሃይድሮጅን ፕላስ አንድ። የአንድ ኮምፓውንድ ድምር ዜሮ መሆን አለበት። የማታውቀውን ከምታውቀው ተነስተህ ታወጣዋለህ። ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሰልፈርን ራሱን አትጠይቀውም፤ ሁለቱን ሃይድሮጅኖችና አራቱን ኦክስጅኖች ትጠይቃለህ፣ ድምሩን ዜሮ የሚያደርገው የእሱ ነው፤ ፕላስ ስድስት። ይሄ ለእኔ ተአምር ነበር። የማይናገርን ነገር በዙሪያው ካሉት ማወቅ ይቻላል!

አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ ቲቸርን ተከትዬ «ካርባይድስ?» አልኩት። ዓመቱን ሙሉ አፌን ከፍቼ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

«ካርባይድ ደግሞ የት አገኘሽ?»

«ከቤታችን ጀርባ ይሸታል።»

ከኪሱ ቾክ አወጣና ግድግዳው ላይ ካልሲየም አንድ፣ ካርቦን ሁለት አድርጎ ጻፈልኝ። «ካልሲየም ሲጣመር ሁልጊዜ ፕላስ ሁለት ነው። ራስሽ አውጪው።»

ካርቦንን የማውቀው በአራት ነበር፤ ፕላስ አራት ወይ ማይነስ አራት። ሞከርኩት፣ አልሆነም። እንደገና አየሁት። ሁለቱ ካርቦኖች ያቺን ሁለት ይካፈሏታል። «ማይነስ አንድ፣ ማይነስ አንድ?»

«ካርቦን አራት ብቻ ነው ያለሽ ማነው? ከማን ጋር እንዳለ አይተሽ ነው» አለና ቾኩን ሰጥቶኝ ሄደ።

ባጃጅ ውስጥ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ዶሮ ታቅፋለች፤ ለዶሮዋ ልነግራት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ማታ ለእማማ ሃሊማ በዳጉ ነገርኳት።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ራሴ አወጣሁት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

አልሐምዱሊላህ አለችና በማግስቱ ለመንገዱ ሁሉ አዳረሰችው። «የደምሴ ልጅ ከጋራዡ ሽታ ውስጥ ቁጥር አወጣች።» ጋራዥ ያሉት ልጆች ሳልፍ «ዛሬስ ስንት ነው?» ይሉኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ስሆን ያገኘሁትን ሁሉ በስሙ መጥራት ልማድ ሆነብኝ። ከአፍዴራ ጨው ጭኖ የሚመጣው መኪና ሶዲየም ክሎራይድ፤ የባትሪው ውሃ ሰልፈሪክ አሲድ። መንገዱ ዳር ተገልብጦ የቀረ አንድ አሮጌ መኪና ነበር፣ ዝገት የበላው። «ደህና አደርክ፣ አይረን ስሪ ኦክሳይድ» እለው ነበር በየጠዋቱ። ሰላም የምለው ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነው እንጂ አላበድኩም ነበር።

አባቴንም በዚሁ ማውጣት ጀመርኩ። ብረት አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ስለሚሆን ስሙ ውስጥ ቁጥሩን መናገር ግድ ነው፤ አይረን ቱ ክሎራይድ፣ አይረን ስሪ ክሎራይድ። ሶዲየም ይሄ የለበትም፤ ሲጣመር ሁልጊዜ አንድ ነው። እናቴ ሶዲየም ነች። አባዬ ብረት ነው። ከረዳቱ ጋር ሲመጣ አባዬ ስሪ ነው፤ ይስቃል፣ ያስቃል፣ ከጅቡቲ ብስኩት ያመጣል፣ «የእኔ ዶክተር» ይለኛል። ብቻውን ሲመጣ አባዬ ቱ ነው፤ ጫማውን ሳያወልቅ ጋደም ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ አዋሽን ሳነሳበት «እስቲ ልረፍበት» ይላል። መኪናው በር ላይ ሲቆም የረዳቱ በር መከፈት አለመከፈቱን አዳምጬ ቁጥሩን አውቀው ነበር።

ስሌቱ የተበላሸብኝ ከዚያ በኋላ ነው። የአባዬ መምጣት እየሳሳ ሄደ። ሲወርድ ያድርና ሲመለስ ሳያድር ያልፋል፤ «ጭነት አስቸኩሎኝ ነው» ይላል በስልክ። ድምሩ ዜሮ መሆን ካለበት የጎደለውን የወሰደ አለ። ማን ነው ብዬ አሰላሁ፤ ያገኘሁት መልስ እኔ ነኝ። ብዙ እጠይቀዋለሁ፣ አዋሽ አዋሽ እላለሁ፣ ስለዚህ ይሸሻል። መጠየቅ ተውኩ። ሲመጣ ሻይ አፈላለሁ፣ እግሩን እንዲታጠብ ውሃ አቀርባለሁ፣ ዝም እላለሁ። እኔ ባነስኩ ቁጥር እሱ የሚሞላ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ይልቃል አንድ ነገር ተናገረ። «ይሄ ቁጥር አተሙ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ የምታገኙት ነገር አይደለም። እውነቱ ብዙ ጊዜ መካፈል ነው። እኛ ግን ለሂሳቡ እንዲመቸን፣ ጠንክሮ የሳበው ሙሉ በሙሉ እንደወሰደ አድርገን እንቆጥራለን።»

እጄን አወጣሁ። «ታዲያ ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። አቆጣጠር ነው።»

መናደዴ ትዝ ይለኛል። ዓመቱን ሙሉ ያስለፋን ለ«እንደወሰደ አድርገን» ነው? አቆጣጠሩ ከእኔ ቤት ጋር ምን እንዳገናኘው ያኔ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ነበር፤ ብቻ ተናደድኩ።

ትምህርት ተዘጋ። ቦርሳዬን ሸክፌ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። እማማ ሃሊማ አባዬ ጅቡቲ ጭኖ መነሳቱን ነግራኝ ነበር። በማግስቱ ማታ ምንጣፉ ተነጠፈ፤ ተቀመጥኩ። አልጠየቀችኝም። ከየት መጣሽ፣ ምን አየሽ አላለችም። ስለ ፍየሎቿ አወራች፣ ጉልበቷን እንዳመማት አወራች። በሁለተኛውም ማታ እንዲሁ። መጀመሪያ ያስቀየምኳት መሰለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። እኔን ከጠየቀችኝ ተራው ይገለበጣል፤ እጠይቃታለሁ፤ ዳጉ ላይ ደግሞ አትዋሽም።

ፊት ለፊቷ ዞሬ ተቀመጥኩ። «እማማ ሃሊማ፣ ምን ሰማሽ?»

ሻሿን አስተካከለች። «ልጄ፣ ተይኝ።»

«ምን ሰማሽ?»

ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችኝ። «ትናንት ረፋድ የአባትሽ መኪና በዚህ በር አለፈች። እኔ ራሴ አየኋት፤ አልቆመችም። ሚሌ ነው ያደረው። ሚሌ ቤት አለው። ሴት አለች። ልጅ አለ፤ ልጁ ይሮጣል። ይሄን ካወቅኩ ቆየሁ፤ አልጠየቅሽኝም፣ አልነገርኩሽም። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ልጁ ይሮጣል። የሚሮጥ ልጅ በአንድ ዓመት አይደርስም። ስለዚህ እኛ አዋሽ አንድ ላይ ሳለን የተወለደ ነው፤ ስለዚህ እኔ ከመምጣቴም፣ አዋሽ አዋሽ ከማለቴም በፊት ነው። የማይናገረውን ከዙሪያው ካሉት አወጣሁት። እኔ ያጎደልኩት ነገር እንደሌለ ሳውቅ እፎይ ማለት ነበረብኝ። ይልቅ ብቸኝነቴ ባሰብኝ። ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ሁሉ ሻይ ለምንም አልነበረም፤ እኔ ከሂሳቡ ውስጥም አልነበርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ከግድግዳው ጀርባ ድምፁን ሰማሁ። የተሳቢው መንጠቆ ተሰንጥቆበት ከሚሌ ተመልሷል፤ እንዲህ ያለውን የሚበይድለት የሎጊያ ደንበኛው ብቻ ነው። ወጥቼ ወደ ጋራዡ ዞርኩ። ጎማ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ተቀምጦ ያንኑ የጅቡቲ ብስኩት ይበላል። ዓይኑ የአባዬ ነው። ጆሮው ደግሞ እንደ እኔው ወጣ ወጣ ያለ ነው።

አባዬ ሲያየኝ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው። «እ... ደህና ነሽ?»

«አባዬ፣ ማነች?» አለ ልጁ።

አባዬ በያጁን እያየ መለሰለት። «እማማ ሃሊማ ግቢ ያለች ልጅ ናት።»

ውሸት አልነበረም። ግቢው ውስጥ ያለሁ ልጅ ነኝ። በዚያች ደቂቃ የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ ልጁ ግን የተነከሰ ብስኩቱን እየዘረጋልኝ ነበር።

«ስምሽ ማነው?»

«ትርሲት።»

«የኔ ኪሩቤል ደምሴ ነው።» ቢጠፋ እንዲናገር ከነአባቱ ስም አስጠንተውታል። «አንቺስ? ትርሲት ማን?»

አባዬን አየሁት። እንድዋሽለት በዓይኑ ለመነኝ። አባቴ ሲለምነኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ትርሲት ደምሴ» አልኩ።

ልጁ ትንሽ አሰበና ሳቀ። «እንደኔ!»

በያጁ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደና ብየዳውን ቀጠለ። ሲያበቃ አባዬ ወደ መሬት እያየ «ዕቃሽን አምጪ፤ አዋሽ ላድርስሽ» አለኝ። እማማ ሃሊማ በሩ ላይ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ፣ ቴምር በፌስታል አስያዘችኝ፣ «ፊ አማኒላህ» አለችኝ። አባዬን ሰላም አላለችውም።

ልጁ መሃላችን ተቀመጠ፤ ብዙ ሳንርቅ ጭኔ ላይ ተኛ። ጭንቅላቱ ከባድ ነው፣ ላቡ ቀሚሴን አራሰው። አላነሳሁትም። ዓመቱን ሙሉ ሰው እንደዚያ ተደግፎብኝ አያውቅም ነበር። አባዬ መንገዱን ብቻ ያያል፤ እኔም መንገዱን አየሁ።

ሚሌ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ ቆመን። ሴትዮዋ ልብስ ከምታጥብበት አረፋ በነካው እጇ ወጣች። በሩን ከፍቼ ልጁን ወደ ታች አቀበልኳት። ገና እግሩ መሬት ሳይነካ «እማ፣ እህቴ ናት!» አላት። ማንም አልነገረውም።

ቀና ብላ አየችኝ። የጠበቅኩት ፊት አልነበረም፤ የደከማት ሴት ፊት ነው። «አውቃለሁ» አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ «ትርሲት፣ ውረጂ እንጂ፤ ምሳ ደርሷል።»

ስሜን ታውቀዋለች። እኔ ሎጊያ ተቀምጬ ስጠብቅ በዚህ ቤት ውስጥ ስሜ ይነሳ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ወር የናፈቅኩት አዋሽን ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን የዚያን የማላውቀውን ቤት ምሳ ብበላ፣ ያ ልጅ አጠገቤ ቢቀመጥ ብዬ ከልቤ ተመኘሁ። አንድ እግሬን መወጣጫው ላይ አሳረፍኩ።

«ይመሽብናል» አለ አባዬ። ሞተሩን አላጠፋም ነበር።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነች። ልጁ ሊቀበለኝ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። እግሬን መልሼ አስገባሁና በሩን ዘጋሁት።